ዳክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ዳክ ናቸው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር፦ ስልክና ኮምፒውተር ሙዚቃን የሚያስቀምጡት በቁጥር ነው፤ ስፒከር ግን ቁጥር አይገባውም። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ዕቃ ዳክ ይባላል። ስልካችሁ ውስጥ አንድ አለ፤ ቴሌቪዥናችሁ ውስጥም አንድ አለ። ይህን ስናገር የሚከፋቸው ነጋዴዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ «384 ኪሎኸርዝ» የሚል ዳክ አሳዩኝ። ከስልኬ ጋር እያፈራረቁ ሲያሰሙኝ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሆነብኝ። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ልግዛው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቢያንስ በዚያ ሙከራ ተማምነው አይግዙት። የተለመደ የቤት ዳክ 2 ቮልት ያህል ያወጣል፤ የስልክ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ከ1 ቮልት አያልፍም። የአምፕሊፋየሩ (ድምፁን ለስፒከር የሚያጎላው ዕቃ) የድምፅ ቁልፍ ሳይነካ ሁለቱ ሲቀያየሩ ዳኩ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) ያህል ጮክ ይላል። ጮክ ያለውን ደግሞ ጆሮ «የጠራ» ብሎ ይቀበለዋል፤ የእኔም ጆሮ ያው ነው። ተመልሰው ይሂዱና የሁለቱን ድምፅ እኩል ያስደርጉ፤ ከዚያም የትኛው እንደሚጫወት ሳያዩ፣ ሌላ ሰው ከጀርባዎ እየቀያየረ ያዳምጡ። ባለ ሱቁ እሺ ካላለ መልሱን አግኝተዋል።

ስለ 384ቱም ልናገር፤ ድምፅን በሰከንድ 384,000 ጊዜ የሚለካ ቀረጻ ያጫውታል ማለት ነው። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ ነበር። ይህ ልኬት እስከ ግማሹ፣ ማለትም ወደ 22,000 ኸርዝ ድረስ ያለውን ድምፅ ይይዛል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ይህም ይቀንሳል። የሲዲው 16 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቁጥር ርዝመት፣ ደግሞ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይሰጣል። አራት ኪሎ ላይ፣ ሚኒባሱ ከመስኮትዎ ሥር ጥሩምባውን እየነፋ፣ ያንን ስፋት የሚጨርሱበት ጸጥታ ከየት ይመጣል? የሁለቱን ወር ደመወዝ ለስፒከር ያውሉት። ልዩነቱን ያለ ነጋዴ እርዳታ ይሰሙታል።

ጥያቄ፦ ቴሌቪዥኔን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ካገናኘሁበት ቀን ጀምሮ «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ሙዚቃ ባይኖርም አይጠፋም። ዳክ ይገላግለኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ዳክ ዋጋውን የሚያወጣው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ይኸው ጣጣ እኔንም ሦስት ወር አንገላቶኛል። አንድ ማታ ከመደርደሪያው ጀርባ በሆዴ ተኝቼ ገመዶቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ የሚመጣውን ገመድ ከሪሲቨሩ ላይ እንደፈታሁ ቤቱ ጸጥ አለ። የዲሹ ብረት በአንድ በኩል፣ አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛሉ። የድምፅ ገመዱ ሁለቱን ሲያያይዛቸው ቀለበት ይፈጠራል፤ የመብራታችን 50 ኸርዝም በዚያ ቀለበት ይዞራል። የሚሰሙት እሱን ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ፤ ይህ በነፃ ነው። ካልተወው ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ርካሽ ዳክ ይግዙና ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድ ያገናኙት። ይህ ገመድ ድምፁን የሚያስተላልፈው በብርሃን ስለሆነ ኤሌክትሪክ የሚሻገርበት መዳብ የለውም።

እኔ ገመዱን በሰካሁበት ቀን ግን ጭራሽ ድምፅ ጠፋ። ለካ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ እሷን ሳላወልቅ ነበር የገፋሁት። ካወለቅኋትም በኋላ ዝም አለ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ መውጫ ዶልቢ (ድምፁን አሽጎ የሚልክ ስልት) ላይ ነበር፤ ርካሽ ዳኮች ደግሞ ዶልቢ አያነቡም። ሳይታሸግ የሚልከውን፣ «ፒሲኤም» የሚለውን መረጥኩና ተገላገልኩ። «ኧርዙን ቆርጠን እንጣለው» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ግን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት። ያ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ከሌለ፣ አንድ ቀን የአምፕሊፋየሩ ብረት ራሱ ሊይዝዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የተወልኝ ሸክላዎች አሉ። የሸክላ ማጫወቻ ገዝቻለሁ፤ ዳክም ያስፈልገኛል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አያስፈልግሽም። ሸክላ ከመርፌው እስከ ስፒከሩ ድረስ አናሎግ ነው፤ የሚቀየር ቁጥር የለም። የሚያስፈልግሽ ፎኖ ፕሪአምፕ ነው፤ ማጫወቻሽ ውስጥ አስቀድሞ ሊኖር ስለሚችል ጀርባውን እዪው። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ፎኖው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ያለ እሱ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከአባትሽ ሸክላዎች መካከል አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. በጀመረው በአምሃ ሪከርድስ የታተሙ ካሉ ደግሞ አዲስ መርፌ ሳትገዢ እንዳትነኪያቸው። ያለቀ መርፌ ይፍቃቸዋል፤ የተፋቀ ሸክላ ደግሞ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከካሴት ወደ ፍላሽ ያስገለበጥኳቸው ዘፈኖች በዳክ ይሻሻላሉ? (ከለገሃር)

መልስ፦ አይሻሻሉም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ካሴቱ ካለዎት የቴፑን ጭንቅላት በአልኮል አጽድተው እንደገና ያስገልብጡት።

ጥያቄ፦ ስልኬ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም። እኅቴ ከአሜሪካ እየመጣች ነው፤ ምን ላስመጣ? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ አፕል እዚያ በ9 ዶላር የሚሸጣትን፣ ከዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የምታገናኝ አጭር ነጭ ገመድ። ዳኩ ያለው እዚያች ትንሽ መሰኪያ ውስጥ ነው፤ ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚሸጡ ዕቃዎች የሚበልጧትን በጆሮ ለመለየት እቸገራለሁ። አንድ እንከን አላት፤ በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ለአውሮፓ የምትሠራዋ ደግሞ ድምፅዋ ከአሜሪካዋ ይበልጥ ዝቅ ያለ ስለሆነ እኅትሽ መንገድ ላይ ፍራንክፈርት አርፋ እንዳትገዛት። ከማዘዝሽ በፊት ስልክሽን ገልብጠሽ ቀዳዳው ዩኤስቢ ሲ መሆኑን እዪ።