የተሰበረው ምጣድ ስፋት ስንት ነበር? ስለ ክብና ስለ መስመሮቹ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የእናቴ የሸክላ ምጣድ ከነአክንባሎው ተሰበረ። ምድጃው በምጣዱ ልክ የተሠራ ስለሆነ ሌላ መጠን ያለው ምጣድ አይቀመጥበትም፤ የምድጃው ከንፈር ደግሞ ስለረገፈ እሱን ለክቶ መጠኑን ማወቅ አልተቻለም። በእጄ የቀረው ከጠርዙ በኩል ያለ አንድ ገል ብቻ ነው። ለሸክላ ሠሪዋ ስንት ሳንቲ ሜትር ብዬ ልዘዝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ገሉ የምጣዱን ጠርዝ እስከያዘ ድረስ ይበቃዎታል። ክብ ማለት ማዕከል ከምንለው ከአንድ ነጥብ እኩል የራቁ ነጥቦች ሁሉ የሚሠሩት መስመር ስለሆነ፣ ጉብጠቱ በአንዱ ቦታ ለዘብ፣ በሌላው ጠንከር አይልም፤ ስለዚህ ትንሹ ቁራጭ የሙሉውን ልክ ይዞ ይገኛል።

ገሉን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በእርሳስ ይከተሉ። በተሳለው ቅስት ላይ ሁለት ነጥቦች ይምረጡና በቀጥታ መስመር ያገናኟቸው፤ ሁለት የክብ ነጥቦችን የሚያገናኝ እንዲህ ያለ መስመር አውታር ይባላል። ከዚያም ከአውታሩ እኩሌታ ላይ 90 ዲግሪ ሠርቶ እስከ ቅስቱ የሚደርሰውን ከፍታ ይለኩ። ለምሳሌ አውታሩ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢገኝ፣ የአውታሩ ግማሽ 18 ነው፤ 18 በ18 ሲባዛ 324፣ ያም ለ6 ሲካፈል 54 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ያንኑ 6 ሲደምሩ 60 ይመጣል። የምጣዱ ዲያሜትር፣ ማለትም በማዕከሉ አልፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ነበር ማለት ነው።

ስሌቱ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ ማዕከሉ ከአውታሩ ሁለት ጫፎች እኩል ስለሚርቅ፣ አውታሩን በ90 ዲግሪ ለሁለት እኩል የሚከፍለው መስመር የግድ በማዕከሉ ላይ ማለፉ ነው። የእስክንድርያው ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ባዘጋጀው የጂኦሜትሪ ድርሳን ሦስተኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የክብን ማዕከል የሚፈልገው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ እርስዎ የለኩት ከፍታ ወደ ታች ቢቀጥል ራሱ ዲያሜትሩ ይሆናል። ሁለተኛው፣ በክብ ውስጥ ሁለት አውታሮች ሲቋረጡ የአንደኛው ሁለት ክፋዮች ብዜት ከሌላኛው ሁለት ክፋዮች ብዜት ጋር እኩል መሆኑ ነው፤ 18 በ18 እና 6 በ54 አንድ ውጤት የሚሰጡት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እመክራለሁ። ከፍታው ትንሽ ቁጥር ስለሆነ በእሱ ላይ የሚሠራ ስሕተት በመልሱ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ 6 ሳንቲ ሜትር የነበረውን 5.8 ብለው ቢያነቡ ዲያሜትሩ 61.7 ገደማ ይሆንብዎታል። በሁለት ሚሊ ሜትር ሳቢያ ምጣዱ ከምድጃው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ገሉ የሚፈቅደውን ያህል ረጅም አውታር ይውሰዱ፤ በእጅ የተሠራ ምጣድ ፍጹም ክብ ስለማይሆን ደግሞ በሦስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚሰበሰብ ሠሪዋ አሳምራ ታውቃለችና፣ የነገሯት ልክ ተተኩሶ ካለቀ በኋላ የሚፈለገው መሆኑን ብቻ ግልጽ ያድርጉላት።

ጥያቄ፦ መምህራችን ክብን የሚነካ ታንጀንት፣ ከክቡ ማዕከል ወደሚነካበት ነጥብ ከተሳበው ሬዲየስ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል ብለው አስጻፉን። ሥዕሉ ሲታይ እውነት ይመስላል፤ ግን ለምን? (የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሥዕል ማየት ማስረጃ እንዳልሆነ ስለገባሽ ደስ ብሎኛል። ታንጀንት ክቡን በአንዲት ነጥብ ብቻ የሚነካ መስመር ነው፤ የቀሩት ነጥቦቹ ሁሉ ከክቡ ውጭ ስለሆኑ ከማዕከሉ ያላቸው ርቀት ከሬዲየሱ ይበልጣል። እንግዲህ ከመስመሩ ነጥቦች ሁሉ ለማዕከሉ የምትቀርበው ያቺ የምትነካው ነጥብ ናት። ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ ቀጥታ መስመር የሚወስደው አጭሩ መንገድ ደግሞ መስመሩን በ90 ዲግሪ የሚያገኘው መሆኑን ቀደም ባሉት ክፍሎች ተምረሻል። አጭሩ መንገድ ሬዲየሱ ከሆነ፣ 90 ዲግሪ የሚሠራውም እርሱ ነው።

ይህን ከያዝሽ ብዙ ጥያቄ ይቀልልሻል። ሬዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክብ ማዕከል 13 ሳንቲ ሜትር ርቃ ከምትገኝ ነጥብ የሚሳበው ታንጀንት ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ሬዲየሱና ታንጀንቱ 90 ዲግሪ ስለሚሠሩ፣ 13 በ13 ሲባዛ ከሚገኘው 169 ላይ 5 በ5 የሚሰጠው 25 ሲቀነስ 144፣ ማለትም 12 በ12፣ ይቀራል። ከዚያችው ነጥብ በሌላው ጎን የሚሳበው ታንጀንትም ያንኑ ያህል ይረዝማል። ታንጀንትን በዓይንሽ ማየት ካማረሽ ወንጭፍ የሚያዞር የማሽላ ጠባቂ ተመልከቺ፦ ድንጋዩ ሲለቀቅ የሚሄደው ከእጁ ተቃራኒ በሆነ አቅጣጫ ሳይሆን፣ በተለቀቀባት ቅጽበት የነበረውን የክብ መንገድ ነክቶ በሚያልፈው ታንጀንት ነው።

ጥያቄ፦ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ስፋቱ 1 ሜትር ለሆነ ክብ ጠረጴዛ እግር የሚገባበትን መሀል ያለ ስሌት በስኳድራ ማግኘት ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። የስኳድራውን ማዕዘን በክቡ ጠርዝ ላይ ያድርጉና ሁለቱ ክንዶቹ ጠርዙን የሚያቋርጡባቸውን ነጥቦች ምልክት አድርገው በቀጥታ መስመር ያገናኟቸው፤ ይህ መስመር ዲያሜትር ነው። በጠርዙ ሌላ ቦታ ላይ ይድገሙት፤ ሁለቱ ዲያሜትሮች የሚቋረጡበት ነጥብ መሀሉ ነው። በጠርዝ ላይ የተቀመጠ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ሁልጊዜ ዲያሜትርን ያቅፋል፤ ነገሩ በሚሊጡሱ ታሌስ ስም ይጠራል። ችግሩ የስኳድራዎ ርዝመት ነው። ለ1 ሜትር ጠረጴዛ፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል ቢሆኑ እያንዳንዳቸው 71 ሳንቲ ሜትር ገደማ መድረስ አለባቸው፤ አንዱ ቢያጥር ሌላው የግድ ከዚህ በላይ ይረዝማል። ያን ያህል ስኳድራ ከሌለዎት የኮምፔንሳቶ ጥግ ይተካዋል፤ ብቻ ጥጉ ፋብሪካ የቆረጠው እንጂ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ አይሁን።