ስድስት መቀመጫ ወይስ አራት? ለቤተሰብ ጉዞ የሚሆን የመጀመሪያ አውሮፕላን

ጠያቂያችን የግል አብራሪነት ፈቃድ ካገኙ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ የበረሩት 95 ሰዓት ነው። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን (14 እና 11 ዓመት) ይዘው በወር ሁለት ጊዜ 450 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 1100 ኪሎ ሜትር መጓዝ ይፈልጋሉ። የሚነሡበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል። የተመለከቱት ሦስት አውሮፕላን ነው፦ የተማሩበት ዓይነት ሴስና 172፣ አንድ ሴስና 182፣ እና ስድስት መቀመጫ ያለው፣ እግሩ የሚታጠፍ ፓይፐር ላንስ። ልባቸው ወደ ላንሱ አዘንብሏል። ሻጩ «ሞተሩ ከታደሰ 19 ዓመቱ ነው፤ የሠራው ግን 310 ሰዓት ብቻ ነው» ብሏቸዋል። «የቱን ልግዛ?» ይላሉ።

ወንድሜ፣ መቀመጫ ከመቁጠርዎ በፊት ሚዛን ያውጡ። አራታችሁም ልብስና ጫማ እንዳደረጋችሁ ተመዘኑ፤ ሻንጣውንም፣ የልጆቹን የጀርባ ቦርሳም፣ የውኃውን ጠርሙስም። ሰው ክብደቱን ሲጠየቅ ሁለት ሦስት ኪሎ መደበቅ ይወዳል። በጻፉልኝ ግምት አራታችሁ 244 ኪሎ፣ ጓዙ 40 ኪሎ፣ በድምሩ 284 ኪሎ ነው።

በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ባለ 160 ፈረስ ጉልበት ሴስና 172 እንዲነሣበት የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 1043 ኪሎ ነው። ሬዲዮውና መሣሪያው ተገጥሞለት ባዶውን ወደ 660 ኪሎ ይመዝናል። እናንተና ጓዛችሁ ስትገቡ ለነዳጅ 99 ኪሎ ይቀራል። የአቪዬሽን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን ይህ 137 ሊትር ያህል ነው። በሰዓት 30 ሊትር ገደማ እየጠጣ፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየሄደ 450 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት ከሩብ ይጨርሳል፤ 68 ሊትር ማለት ነው። መጠባበቂያ ተጨምሮበትም ይተርፋል። «172 አራት ሰው አይችልም» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በወረቀት ላይ ግን ይችላል።

ችግሩ ያለው ሜዳዎ ላይ ነው። በ1500 ሜትር ከፍታ መደበኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ነው። የእርስዎ 30 ከሆነ 25 ዲግሪ ትርፍ አለ፤ እያንዳንዱ ዲግሪ አየሩን 36 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ ያሳሳዋል። ስለዚህ ሞተሩም ክንፉም 2400 ሜትር ላይ እንዳሉ ነው የሚሠሩት። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፤ ከ160ው ፈረስ 120 ገደማ ይዘው፣ እስከ መጨረሻው ኪሎ ጭነው ይነሣሉ ማለት ነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ አወጣጡም ይዘገያል። በማለዳ ከሄዱ ሌላ ነገር ነው፤ ግን ከልጆች ጋር ሁልጊዜ በማለዳ እነሣለሁ የሚል አባት እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ ልጆቹ ያድጋሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ተደምረው 40 ኪሎ ቢጨምሩ የሚይዙት ነዳጅ ወደ 82 ሊትር ይወርዳል። ለመንገዱ 68 ከሄደ በኋላ የቀረው የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ እንኳ በጭንቅ ነው።

አሁን 182ን እንይ። 230 ፈረስ ጉልበት አለው። የ1970ዎቹ ሞዴል 1338 ኪሎ ሆኖ ይነሣል፤ ባዶውን 820 ገደማ ነው። እናንተና ጓዛችሁ ገብታችሁ 234 ኪሎ ይተርፋል፤ 284 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ታንክ ሲሞላ 204 ኪሎ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ይዛችሁም 30 ኪሎ ይቀራችኋል። በሰዓት 50 ሊትር ይጠጣል፣ ግን በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 450 ኪሎ ሜትሩን በ90 ሊትር ይጨርሰዋል። ከ172 ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ጉዞ 22 ሊትር ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ያተርፋሉ። 1100ውን ኪሎ ሜትር በአንድ ትንፋሽ ልብረር አይበሉ። ነዳጁ ቢበቃም የልጆቹ ፊኛ አይበቃም፤ መሃል ላይ ይረፉ።

እነዚህን ቁጥሮች እንደ ማሳያ ብቻ ይያዙ። እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ የክብደትና የሚዛን ወረቀት አለው፤ ስሌቱን ከዚያ ይሥሩ፤ የፋብሪካው ብሮሹር አይጠቅምዎትም።

ላንሱን በጭነት አቅሙ አልነቅፈውም። 300 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ 1633 ኪሎ ሆኖ የሚነሣ ጠንካራ አውሮፕላን ነው። ስድስት ብትሆኑ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። አራት ሆናችሁ ግን ሁለት ባዶ መቀመጫ ለመሸከም በሰዓት ከ60 ሊትር በላይ ያቃጥላሉ፤ የሚታጠፈው እግር ደግሞ በየዓመቱ አውሮፕላኑ በክሪክ ተነሥቶ ሲታጠፍና ሲዘረጋ መታየት አለበት። የ95 ሰዓት አብራሪ እግሩን ሳይዘረጋ ያርፍ ይሆናል ብሎ ኢንሹራንሱም ይፈራል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ለሦስቱም የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠይቁ፤ አንዳንዴ ምርጫውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሻጩ በኩራት የነገረዎት 310 ሰዓት ነው። 310ን ለ19 ሲያካፍሉ በዓመት 16 ሰዓት ይመጣል። ይህ ሞተር ቆሞ ኖሯል እንጂ ሠርቷል አይባልም። የላንሱ ሞተር ላይኮሚንግ ነው፤ በላይኮሚንግ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወደ ታች ይወርድና ካምሻፍቱ ደረቅ ይሆናል። ሞተሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት እዚያ ላይ ዝገት ያበቅላል፤ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች። ከዚያ አዲሱ ባለቤት ደስ ብሎት መብረር ሲጀምር እነዚያ ጉድጓዶች ታፔቱን (የካምሻፍቱ ጉብታ የሚገፋውን ብረት) እንደ ሞረድ ይበሉታል፤ ብረቱም በዘይቱ ውስጥ ይዞራል። አንድ ደንበኛ «አዲስ ነው» ብሎ ያመጣውን ሞተር ስንከፍት የካምሻፍቱ ጉብታ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ፋብሪካው ራሱ የእድሳት ዘመኑን በሰዓት ብቻ አይለካም፤ 2000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰው ይላል። በ12 ዓመት 1500 ሰዓት የሠራ ሞተር ቢያቀርቡልኝ ከዚህኛው እሱን እመርጣለሁ።

ሻጩ «በየሳምንቱ እያስነሣሁ አሞቀዋለሁ» ካለዎት ይባስ። መሬት ላይ ለአሥር ደቂቃ የሚነሣ ሞተር ውኃ ይፈጥራል እንጂ አያደርቅም፤ እርጥበቱ እንዲተን ዘይቱ 75 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ከግማሽ ሰዓት በላይ መብረር አለበት።

ላንሱን የግድ ካሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ አንድ ሲሊንደር ወርዶ ካምሻፍቱ በዓይን ይታይ። የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ብረት መፈለግም፣ በካንዴላ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ማስገባትም፣ ኮምፕሬሽን መለካትም ጥሩ ነው፤ ግን ሦስቱም ደህና ሆነው ካምሻፍቱ የተበላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የክንፉ ዋና ተሸካሚ ብረት። በ2018 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ከፓይፐር ፒኤ-28 ዘር የሆነ የማሠልጠኛ አውሮፕላን በአየር ላይ ክንፉ ተገንጥሎ ወድቋል፤ ምክንያቱ የክንፉ ብሎን ቀዳዳ ላይ በብረት ድካም የመጣ ስንጥቅ ነበር። ላንሱም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በኤዲ ከረንት (በኤሌክትሪክ ጅረት የተደበቀ ስንጥቅ በሚፈልግ ምርመራ) ተመርምረው እንደሆነ በጥገና መዝገቡ ውስጥ ይፈልጉ። ሻጩ ሲሊንደር አላስወርድም ካለ ስሌቱን የሙሉ እድሳት ወጪ እንደሚጠብቅዎት አድርገው ይሥሩ፤ ያ ከሆነ ርካሽነቱ ያልቃል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ 182ው ነው። እሱም የራሱ ነውር አለው። አፍንጫው ከባድ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች በፊት ጎማው ደብድበው ያሳርፉታል፤ ድብደባውን የሚቀበለው ሞተሩን ሰው ከሚቀመጥበት ጓዳ የሚለየው የእሳት መከለያ ግድግዳ ነው። መካኒክዎ የሞተሩን ሽፋን አውልቆ ግድግዳው ላይ መሸብሸብ ወይም አዲስ የተመታ ሪቬት ካየ መዝገቡ ውስጥ የጥገናው ጽሑፍ መኖር አለበት። በቆዩት ሞዴሎች ነዳጁ የሚቀመጠው ክንፉ ውስጥ ባለ የጎማ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ ሲጨማደድ ውኃ ያቁራል፣ ከታች ሲያንጠባጥቡም አይወጣም። የወንበሩን ሐዲድ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ወንበሩ የሚቆለፍበት ቀዳዳ ከተበላ ሲነሡ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸርተት ይልና መሪውን ይዘው ይሄዳሉ። ካርቡራተሩ በረዶ መያዝ ይወዳል፤ እሱን በሥልጠናው ይለምዱታል።

የሚመረምርልዎ መካኒክ አውሮፕላኑን ለሻጩ ሲጠግን የኖረው አይሁን። ብሎን ከመፍታቱ በፊት መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያንብብ። ማርሚታውንም ያውርድ፤ የጓዳው ማሞቂያ አየር የሚመጣው በእሱ ዙሪያ አልፎ ነው፤ ስንጥቅ ካለበት ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኋላ ወደ ተኙት ልጆች ይገባል። የሚጮህ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ አሁኑኑ ይግዙ፤ አውሮፕላኑ እስኪገኝ በሚከራዩት ላይ ይሠራበታል።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ 182 ከአሠልጣኝ ጋር ተከራይተው፣ የቤተሰብዎን ያህል ክብደት ጭነው፣ ከዚያው ሜዳዎ በዚያው የከሰዓት ሙቀት ይነሡ። መሬቱን የለቀቁበትን ቦታ በመንደርደሪያው መብራት ቆጥረው ይጻፉልኝ፤ ከመመሪያው ቁጥር ጋር አብረን እናስተያየዋለን።