«ቶሎ ቆርጠው ቢያወጡት አይሻልም?»

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት እህቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ናሙና ተወሰደና ካንሰር ነው ተባለ። ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ስናሰባስብ «መጀመሪያ ኬሞ (የካንሰር ሴል የሚገድል መድኃኒት) ትወስዳለች» አሉን። ከቀዶ ሐኪም ወደ ካንሰር ሐኪም፣ ከድሬ ሐረር መመላለስ ሆነ ሥራችን። ቶሎ ቆርጠው ቢያወጡት አይሻልም? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥድፊያሽ ይገባኛል። የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ መውጣት ለጤነኛም ይከብዳል።

ግን የአክስቴን ልንገርሽ። አንድ ቦታ እብጠቱን በአንድ ቀን አወጡላት፤ ቤተሰቡ እልል አለ። የወጣውን ሥጋ ለምርመራ የላከው ግን አልነበረም። ተጣለ። እኔ ነርሷ እንኳ አልጠየቅኩም፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ የካንሰር ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን እሱን ነው። ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፈን የምትባል ክኒን አለች፤ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት ትዋጣለች። ሄር 2 የሚባለው ፕሮቲን ከበዛበት መድኃኒቱ ሌላ ነው። ይህን የሚናገረው ያ የተጣለው ሥጋ ነበር።

ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሙ ብቻውን እንዲወስን የማልፈልገው። እሱ፣ የካንሰር ሐኪሙ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ያየው ፓቶሎጂስት፣ አልትራሳውንዱን ያነበበው፣ ጨረር የሚሰጠውም በእህትሽ ፋይል ላይ ተነጋግረው ይወስኑ። «ተነጋገራችሁ ወይ?» ብለሽ መጠየቅ ነውር የለውም።

ኬሞው የሚቀድመው እብጠቱ ትልቅ ሲሆን ወይም ብብት ሲደርስ ነው፤ ሌላም ምክንያት አለው። እብጠቱ ካነሰ ቀዶው ይቀላል፤ አንዳንዴ ጡቱን በሙሉ ማንሳትም ይቀራል። መድኃኒቱ መሥራቱንም ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። አደራ ታዲያ፣ «እብጠቱ ጠፋ፣ ዳነች» ብላችሁ ከቀዶው እንዳትቀሩ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፓቶሎጂውን ወረቀት ክላሰር ውስጥ አድርጊው፤ ፌስታል ውስጥ ከሙዝ ጋር አይደለም።

ቴርሞሜትርም ግዙ። ድሬ ላይ ሰው ሲያተኩሰው «ወባ ነው፣ ደንጌ ነው» ብለን ሻይ አጠጥተን እናስተኛዋለን። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ግን ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ ትንሽ ኢንፌክሽን ይጥለዋል። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ናት» በሉ። ከኬሞ መድኃኒቶች ቀይ የሆነውን በወሰደች ማግስት ሽንቷ ቢቀላ ግን አትደንግጡ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።