የጠዋቱ ናሙና

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

«እኔ የማየው ውጤቱን ነው» የሚል አለቃ ይገጥማችኋል። ልክ ነው። አርማታ ላብ አይቆጥርም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትለፉ አድራችሁ ያቆማችሁት ኮለን በቱምቢ ሲታይ ከዘመመ ይፈርሳል። «ብዙ ለፍቼበታለሁ» ብሎ ለዘመመ ሥራ የሚከራከር ባለሙያ እኔም አልወድም። ግን ውጤት የምንለው የትኛውን ነው?

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል የሚሆን አርማታ፣ ስንሞላ ዋልን። ጠዋት ሁሉም በወጉ ነበር፤ አሸዋውና ጠጠሩ በሳጥን ይሰፈራል፣ ውኃው ይለካል። ለምርመራ የሚላኩትን ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ኩቦች፣ የአርማታውን ናሙናዎች፣ የሞላናቸው ያን ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ሰው ደከመ፣ ውህዱም ጠጠር ብሎ በአካፋ አልገፋ አለ። ሚክሰሩ ላይ የነበረው ልጅ አንድ ባልዲ ውኃ ጨመረ። ደገመ። ቆሜ እያየሁ ነበር። ሳይመሽ እንዲያልቅ ስለፈለግሁ ዝም አልሁ።

የማውቀውን ነው ዝም ያልሁት። ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚበቃው ጥቂት ውኃ ነው፤ የተረፈው እየተነነ ሲወጣ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውን የሚበላውም ያ ቀዳዳ ነው። ያን ቀን ግን ውህዱ እንደ አጥሚት ፈሰሰ፤ ሶሌታው አለቀ፤ ተጨበጨበ።

በ28ኛው ቀን ኩቦቹ ተፈተኑ። የሚጠበቀው ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል ነበር፤ ሁሉም አለፉ። የጠዋት ናቸው፣ ለምን አያልፉ! ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጄ ይዤ፣ የከሰዓት በኋላው ሥራ አንድም ናሙና እንደሌለው የማውቀው እኔ ነበርሁ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ተናገርሁ። ከሶሌታው ላይ ተቆፍሮ ናሙና ወጣ፤ የከሰዓት በኋላው ወደቀ፤ ያ ክፍል እንዲፈርስ ታዘዘ።

ያፈረሱት የሞሉት ሠራተኞች ናቸው። በባሬላ ተሸክመው ያወጡትን በመዶሻ ሲሰብሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ቀና ብለው «ልጄ፣ ምን አጥፍተን ነው?» አሉኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። በሩጫ የታጠቅሁት እኔ ነኝ፤ ሲፈታ የባከነው ግን የእሳቸው ላብ ነው። በሙያዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስለዚህ አሠራርን ከውጤት ነጥላችሁ አትመዝኑ። በእኛ ሙያ አሠራሩ የትም አይሄድም፤ አርማታው ውስጥ ተቀብሮ አብሮ ይደርቃል። ከዓመታት በኋላ ውኃ ሲሰርግ፣ ፌሮው ሲዝግ ብቅ ይላል። ያኔ እናንተ ሌላ ከተማ ትሆናላችሁ፤ ከሶሌታው ሥር ግን ልጆች ተኝተዋል።

ከሁሉ የሚናቀው ውኃ ማጠጣቱ ነው። ውህዱ ላይ ውኃ መጨመር ጥፋት ቢሆንም፣ ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ግን ሲሚንቶው ለመጠንከር የሚበቃውን ውኃ እንዳያጣ ሶሌታው ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ለዚህ የሚያጨበጭብ የለም፤ ሪፖርት ላይም አንድ መስመር አይሞላም። እሑድ ደግሞ ሳይት ላይ ከዘበኛው በቀር ሰው አይገኝም። እሑድ ሂዱ። የተነጠፈውን ጆንያ በእጃችሁ ንኩት፤ ደርቆ ካገኛችሁት ቧንቧውን ራሳችሁ ክፈቱ።