ሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ ይኑር

የጎረቤታችን ልጅ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታለች። ባለፈው ሳምንት ከእናቷ ጋር ቡና ሊጠጡ መጡ። እናትየው በርበሬው፣ ሽሮውና በሶው ስንት ኪሎ እንደሚመጣ ታሰላለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲሄዱ ሳይዙ ሄደው የቆጨዎት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጫማ» አልኳት። ሁለቱም ሳቁብኝ። እንግዲህ ለእሷም፣ ዘንድሮ ለምትሄዱት ሁሉም ነገሩን ላስረዳ።

እኔ የሄድኩት በ1977 ዓ.ም. ነው። አገሩ ያኔ ቼኮዝሎቫኪያ ይባል ነበር፤ ኋላ ለሁለት ተከፈለ። የተመደብኩት ብርኖ ከተማ ነው። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ የውሃ ምህንድስና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከዶርም፣ ከክፍልና ከቤተ መጻሕፍት ሌላ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት የክፍል ጓደኞቼ ቦርሳ አንግተው ሲወጡ በመስኮት አያቸዋለሁ። «ና እንሂድ» ሲሉኝ «ፈተና አለብኝ» እላለሁ። ፈተና የለም። አገር ቤት ያ ሁሉ ሰው በረሃብ ያለቀበት ዘመን ነው። እናቴ እኔን ጫካ ለጫካ ስዞር ብታየኝ ምን ትላለች እያልኩ እሳቀቃለሁ። ይሄ ስሜት እናንተም ላይ ይመጣል። ገንዘብ ተበድሮ የላካችሁ ቤተሰብ ካለማ ይብሳል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንዱ ልጅ አልለቅህም አለኝ። ዳቦና ሳላሚ በወረቀት ጠቅልሎ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ተነስቼ ሄድኩ።

ብላንስኮ የምትባል ከተማ እስክንደርስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በእግር፣ በሸለቆው ጫካ ውስጥ። ቦታው የሞራቪያ ካርስት ይባላል፤ ከሺህ በላይ ዋሻዎች አሉት። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርድና ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ይህንን ክፍል ውስጥ ተምሬ፣ ቀመሩን ሸምድጄ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ።

ፑንክቫ የሚባለው ዋሻ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይገባል። ክረምት ከበጋ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጣሪያው አንዲት ጠብታ መጥታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። እንደዚያች ጠብታ ያለ አስተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ቀና ስል ከጣሪያው በወረደ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሌላ ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ ያ ድንጋይ ደግሞ ራሱ ጠብታ ይዞት የመጣው ኖራ እየተጋገረ የተሠራ ነው።

መንገዱ ማትሶኻ ከሚባለው ገደል ሥር ያወጣል። 138 ሜትር ጥልቀት አለው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሦስት ጊዜ ብትደራርቡት ነው። ስሙ የእንጀራ እናት ማለት ነው። እንጀራ ልጇን ገፍታ ጣለችው፤ እሱ ቅርንጫፍ ይዞ ተረፈ፤ የመንደሩ ሰው እሷን ወረወራት ይላሉ። እዚያም የእንጀራ እናት ስሟ አልተረፈም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እታች ድረስ መጀመሪያ ወርዶ የተመለሰው በፈረንጆቹ 1723 አንድ መነኩሴ ነው ሲሉኝ ደግሞ አልገረመኝም። የጣና ልጅ ነኝ፤ መነኩሴ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ከዚያ ጀልባ። ወንዙ የሚሄደው በዋሻው ውስጥ ነው። ጀልባ ነጂው «ጭንቅላት!» እያለ ዝቅ ያደርገናል። ጓደኛዬ በጨለማው ውስጥ፣ «ያንተ ሐይቅ እንዴት ተፈጠረ?» አለኝ። ጣናን ሳወራለት ከርሜያለሁ፤ ደሴቱን፣ ገዳሙን፣ የደንገሉን ታንኳ። «እግዜር ሠራው» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ አፈርኩ። የውሃ ምህንድስና ተማሪ እኮ ነኝ! በደቡብ በኩል ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ላቫ የዓባይን መውጫ እንደዘጋው፣ ውሃውም ከኋላው እንደተኛ ኋላ ነው ያነበብኩት። ላቫው ቀዝቅዞ የሆነው ጥቁር ድንጋይ ከልጅነቴ ጀምሮ የተቀመጥኩበት ነው።

ወደ ጫማው ልምጣ። ያለኝ አንድ ጫማ ነው፤ መርካቶ የተገዛ፣ ሶሉ ቆዳ፣ ለሠርግ የሚሆን። ወደ ገደሉ አናት ስንወጣ እርጥብ ቅጠል ላይ አንሸራተተኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ልጁ ደግፎኝ እስከ ጣቢያው ወረደ። ሁለት ሳምንት አነከስኩ። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ የሚነግረኝ ያ እግር ነው።

ቅዳሜው ግን አልባከነም። ለዋሻው ስሙን የሰጠው ፑንክቫ ከላይ መሬት ውስጥ የሚሰወሩ ሁለት ጅረቶች ከሥር ተገናኝተው የሚወጡበት ወንዝ ነው። ላይ የተጣለ ቆሻሻ በስንጥቁ ሾልኮ፣ በቅጡ ሳይጣራ ታች ይወጣል። ይህ ከሸመደድኩት ቀመር ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም አላየሁትም። አገሬ ገብቼ ምንጭ ለማጎልበት በተላክሁ ቁጥር መጀመሪያ ምንጩን አላይም፤ ሽቅብ እወጣለሁ። ከላይ ማን ከብት ያሳድራል? ሽንት ቤቱ የት ነው? በተለይ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የኖራ ድንጋዩ በሚታይበት አገር፣ የጠራ ውሃ አይቼ ወዲያው ቀምሼ አላውቅም። ባልደረቦቼ ተጠራጣሪ ይሉኝ ነበር። ይበሉ።

ስለዚህ «ና እንሂድ» ሲሏችሁ ሂዱ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ ሹራብ ያዙ፣ የት እንደምትሄዱ ለዶርም ጓደኛችሁ ንገሩ። ብቻችሁን ዋሻ አትግቡ፤ ጀብዱ አይደለም፣ ጅልነት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊትም እግራችሁን እዚሁ ፍቱ። ጣና ዳር ዘጌ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በእግር ሂዱ። ደሴቱ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባ ከሴት ልጆች ጋር ከሆናችሁ ዘጌ ይሻላል። ጢስ ዓባይ ከሆነ ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በበጋ ውሃው ለመብራት ስለሚጠለፍ ይሳሳል።

ልጅቷን ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ወሰድኳት። በአላታ ድልድይ ተሻግረን ስንሄድ ጎንበስ ብላ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳች። ወንፊት የመሰለ ነው። «ጋሼ፣ ምን ቀዳደው?» አለችኝ። ላቫው ትኩስ ሳለ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆኖ የቀረበት ነው አልኳት። በጣቷ ቀዳዳውን ስትነካካ ቆየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ እናትየው ደወለች። «ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎት ይንገሯት! ለበሶው ኪሎ አጥተን ድንጋይ ልትጭን ነው።»