ደመናው ሲያጠራጥር ውድድር እንዴት ይበረራል? ጥያቄና መልስ

ስለ ሃንግ ግላይዲንግ፣ ማለትም ሞተር በሌለው ክንፍ ስር ተንጠልጥሎ ስለ መብረር ውድድር ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። እኔ የማወራው ስለማውቀው ስለ መካከለኛው ፍሎሪዳ ነው። ሜዳ፣ ሐይቅ፣ የብርቱካን እርሻ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ ሞተር ከሌለው መቶ ኪሎ ሜትር በምን ይሄዳል?

መልስ፦ በፀሐይ። መሬቱ ሲሞቅ ላዩ ላይ ያለው አየር ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል፤ ተርማል የምንለው እሱን ነው። እዚያ ውስጥ ገብተህ እየዞርክ ከፍ ትላለህ፣ ከዚያ ወደፊት ትንሸራተታለህ፣ ሲያልቅብህ ሌላ ትፈልጋለህ። አገር ቤት ጆፌ አሞራ ክንፉን ሳያራግብ ሲዞር አይተህ የለ? ያው ነው። ፍሎሪዳም አሞራ ሞልቷል፤ ሲዞር ካየሁ መሣሪያዬን ትቼ እሱን ነው የማምነው።

ጥሩ የውድድር ክንፍ አንድ ሜትር ሲወርድ 15 ሜትር ገደማ ወደፊት ይሄዳል። ከ1500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነፋስ ከሌለ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አለህ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደስቲን ማርቲን የተባለ አብራሪ ከዛፓታ፣ ቴክሳስ ተነስቶ በአንድ ቀን 764 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሌላው አብራሪ ጆኒ ዱራንድ አብሮት ሲበር ውሎ እሱ ከደረሰበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው አረፈ። ይሄ ግን የቀናው ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ተራራ በሌለበት እንዴት ትነሳላችሁ?

መልስ፦ ቀስ ብሎ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተናል። ከነክንፋችን ጋሪ ላይ እንተኛለን፣ ፍጥነት ሲይዝ ጋሪውን እንለቃለን። 600 ሜትር አካባቢ ስንደርስ ገመዱን እንፈታለን። በቃ።

ጥያቄ፦ ትንበያው ግራ ሲያጋባ የዕለቱን መስመር ማነው የሚወስነው?

መልስ፦ የውድድሩ ኃላፊ፣ ከአብራሪዎች ከተመረጠ ኮሚቴ ጋር። መነሻው፣ መታጠፊያዎቹና መድረሻው ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ እኛ ጂፒኤሳችን ላይ እናስገባለን።

ፍሎሪዳ ላይ ጭቅጭቁ ሁሌም ስለ ባሕር ነፋስ ነው። አንዱ ከአትላንቲክ፣ ሌላው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል ይገባል። ሁለቱ መሃል አገር ሲገናኙ አየሩ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል። በልኩ ከሆነ ምርጥ መንገድ ነው፤ በደመናው መስመር ስር መዞር እንኳን ሳያስፈልግህ ቀጥ ብለህ ትነዳለህ። ከበዛ ግን ነጎድጓድ ይሆናል። ነፋሱ ካለፈብህ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው የባሕር አየር ሙት ነው፣ የሚያነሳህ አታገኝም። ስለዚህ ኮሚቴው አጭር አማራጭ መስመርም ይዞ ቢመጣ ደግ ነው። እኔ በአጠራጣሪ ቀን አጭርና በጊዜ የሚጀመር ውድድር ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን ስል ፊታቸው የሚጠቁር ፈጣኖች አሉ፣ ይጥቆር።

ጥያቄ፦ ቀድሞ መሄድ ነው ወይስ ሌሎቹን መከተል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ መነሻው፣ ማለትም አየር ላይ ሆነህ ውድድሩን የምትጀምርበት መስመር፣ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው ይከፈታል፣ ሰዓትህም የሚቆጠረው ከያዝከው መነሻ ነው። ዘግይቶ የሄደ ከፊት ያሉት የት ከፍ እንደሚሉ እያየ ይከተላል፤ ብልጠት ነው። ጂኤፒ የሚባለው የነጥብ አሰጣጥ ግን ለመሩትም ነጥብ ይሰጣል። ሰማዩ ሊዘጋ ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን እይዛለሁ።

ጥያቄ፦ ከደመናው ስር ሆነህ መክፋቱን በምን ታውቃለህ? እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው። ችግሩ ከስር ሆነሽ የደመናው ጫፍ አይታይሽም። ስለዚህ ራቅ ያሉትን ደመናዎች እያቸው፤ እነሱ ወደ ላይ ከረዘሙ ያንቺም ረዝሟል። መሬት ላይ ያለውን ጥላም እዪ። ጥላው ሰፍቶ ፀሐይ ያረፈበት መሬት ከራቀሽ ጊዜው አልፏል።

ዋናው ምልክት ግን ሌላ ነው። ቫሪዮው፣ ማለትም መውጣትሽንና መውረድሽን በድምፅ የሚነግርሽ መሣሪያ፣ ሳትዞሪ በየትም በኩል ይጮሃል። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል። የያዝሽውን መንጃ ብረት ወደ ሆድሽ ስበሽ በሙሉ ፍጥነት እየሄድሽም መውጣትሽን ካልተውሽ፣ ወደ ብርሃኑ ጠርዝ ውጪ። ወዲያው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ማኒላ፣ አውስትራሊያ፣ ኤቫ ቪሽኒየርስካ የተባለች የፓራግላይደር (ፓራሹት የሚመስል የጨርቅ ክንፍ) አብራሪ ለዓለም ሻምፒዮና ስትለማመድ ነጎድጓድ ስቧት 9,946 ሜትር ወሰዳት። ራሷን ስታ፣ በረዶ ለብሳ፣ በተአምር ተረፈች። በዚያው ዕለት ቻይናዊው አብራሪ ኸ ዦንግፒን በዚያው ነጎድጓድ ሞተ። ሃንግ ግላይደር ፈጣን ስለሆነ ለማምለጥ ይሻላል፣ ግን ከደመና አይበልጥም።

ደግሞ ዝናቡ ሩቅ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ከነጎድጓዱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ለመሬት ቀድሞት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አቧራ ሲነሳ ወይም ዛፎች በአንዴ ሲያጎነብሱ ካየሽ ደርሷል። ከመድረሱ በፊት መሬት ላይ ሆነሽ ክንፍሽን ማሰር አለብሽ።

ጥያቄ፦ ውድድሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ነጥቡ ይቃጠላል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በቂ ርቀትና ጊዜ ከተበረረ ይቆጠራል፣ ስሌቱም ማቋረጡ ከታወጀበት ደቂቃ ትንሽ ወደ ኋላ ተስቦ ነው። ይህ ሕግ ብልህ ነው። ሬዲዮ ላይ ቁም ሲባል አንድ ኪሎ ሜትር ልጨምር ብሎ ወደ ጥቁሩ የሚሄድ የለም፣ ምንም አያተርፍማ። ከዚያ በፊትም አብራሪው ያለበትን አየር በሬዲዮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ያሳውቃል፤ ሦስት ማለት አደገኛ ነው። ፊት ያለው ሰው ሦስት ካለ እኔ ከኋላ ሆኜ አልከራከረውም።

ጥያቄ፦ የማታውቀው እርሻ ላይ ስታርፍ መጀመሪያ ምን ታያለህ?

መልስ፦ የመብራት ምሰሶ። ሽቦው ከላይ አይታይም፣ ምሰሶው ግን ይታያል፤ በሁለት ምሰሶ መሃል ሁሌም ሽቦ አለ ብለህ ቁጠር። ቀጥሎ የነፋሱን አቅጣጫ። ኩሬ ካለ ጥሩ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው የውሃው ዳር ጸጥ ያለ ነው፣ ማዶው ይሸበሸባል። ላም ያለበት ሜዳ ይቅርብህ፣ ካረፍክ በኋላ ክንፍህን ለመላስ ይመጣሉ። በመኪና መጥቶ ለሚወስድህ ሹፌር ያለህበትን በስልክ ላክለት። ስትወጣም የአጥሩን በር ተዘግቶ ካገኘኸው ዝጋው፣ ክፍት ካገኘኸው ተወው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ሰው እዚያው ማረፉ አይቀርም።