በቲቢ ታመው ከጦርነት ስለተመለሱ መኮንኖች ጠይቁኝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ያለን ሐበሾች ለሕክምና የምንመላለስበት የአንሹትስ ግቢ ድሮ ፊትዝሲሞንስ የሚባል የጦር ሠራዊት የቲቢ ሆስፒታል ነበር። ታሪኩን ለዓመታት ሳነብ ስለኖርኩ የጠየቃችሁትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለምን ኮሎራዶ?

መልስ፦ ደጋው፣ ደረቁ አየርና ፀሐዩ ሳንባ ያሽራል ይባል ስለነበር። በ1918 ተከፈተ። ስሙን ያገኘው በ1917 ፈረንሳይ ውስጥ በቦምብ ከሞተው ወታደራዊ ሐኪም፣ ከሌተና ዊልያም ፊትዝሲሞንስ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። መድኃኒት ሳይኖር ምን ያደርጉላቸው ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ማስተኛት ነበር። በረንዳ ላይ፣ በብርድም ጭምር፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት። የታመመው ሳንባ እንዲያርፍ በመርፌ አየር ደረት ውስጥ ያስገባሉ፤ አየሩ ስለሚመጠጥ ደግመው ደጋግመው ይወጓቸዋል። ያ ካልሠራ የጎድን አጥንት ቆርጠው ያወጣሉ።

ጥያቄ፦ መኮንንና ተራ ወታደር እኩል ነበሩ?

መልስ፦ አልነበሩም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ ተኛ የተባለ አባወራ ቤቱ የሚበላው ከሌለ እንዴት ይተኛል? መደበኛ መኮንን በሕመም ሲሰናበት የደመወዙን 75 በመቶ ጡረታ ያገኛል። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ የተሾሙት ግን ይህ መብት አልነበራቸውም። በ1928 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ኩሊጅን እምቢታ ሽሮ ጉዳታቸው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ መኮንኖች ያንኑ ጡረታ ፈቀደ። ጦርነቱ ካበቃ አሥር ዓመት ሊሞላው! ተራ ወታደሮቹን ሕጉ አልነካቸውም። ሳሉ እኮ ያው ሳል ነው።

ጥያቄ፦ የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጆን ኬሪ አባት እዚያ ታክመዋል መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። አብራሪ ነበሩ። እሳቸው ከቲቢ ሲያገግሙ ነው ልጃቸው በ1943 እዚያው ሆስፒታል የተወለዱት።

ጥያቄ፦ የቲቢው መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ሲመጣ ነገሩ አበቃ?

መልስ፦ ወዲያው አላበቃም። በ1943 ተገኘ፤ በ1946 ጦር ሠራዊቱ፣ ባሕር ኃይሉና የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደር በጋራ መሞከር ጀመሩ። ብዙዎቹ ቶሎ ተሻላቸው፤ ግን ብቻውን ሲሰጥ ጀርሙ ይለምደዋል፣ ሕመሙም ያገረሻል። የውስጥ ጆሮን እየጎዳ ሚዛን ያሳጣቸውም ነበሩ። በ1952 አይሶናያዚድ የተባለው ሌላ የቲቢ መድኃኒት ሲጨመር ነው በረንዳዎቹ ባዶ መሆን የጀመሩት። ዛሬ አገር ቤት ጤና ጣቢያ የቲቢ መድኃኒት ተጣምሮ የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሕንጻው አለ?

መልስ፦ በ1941 የተከፈተው ትልቁ ሕንጻ አለ። ሆስፒታሉ ግን በ1990ዎቹ ተዘግቷል።